የጅማ መንገድ ኬላዎች

ወልቂጤን አልፎ መንገዱ ወደ ጊቤ ሸለቆ ሲወርድ ጆሮ ድፍን ይላል። ደጋው ከኋላ ይቀራል፣ እንሰቱ ቦታውን ለግራር ይለቃል፣ ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ተሳፋሪው ሹራቡን ያወልቃል። ድልድዩን ተሻግሮ መኪናው በአበልቲ በኩል ዳገቱን ሲያያዘው ግን አብዛኛው ሰው እንቅልፍ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ማለዳ የተነሣ ሰው ቀን ሳይመሽበት ጅማ ይገባል። ሰላም በሆነ ቀን ከየት መጣህ፣ ማን ላከህ፣ ምን ይዘሃል ብሎ የሚያቆመው ብርቅ ነው።

ከ150 ዓመት በፊት ከዚህ ወንዝ ማዶ ያለው አገር እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም ነበር። አምስቱ የጊቤ መንግሥታት ሊሙ ኢናሪያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ በየወሰናቸው ኬላ ነበራቸው። ቦይ ይቆፈራል፣ አጥር ይታጠራል፣ በሁለቱ አገሮች መካከል ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬት ይተዋል፤ መግቢያው በር ብቻ ይሆናል። በበሩ ላይ ጠባቂ አለ። ነጋዴውን ያስቆማል፣ ጭነቱን ያያል፣ ቀረጥ ይቀበላል። ስለ ጅማና ስለ ቡና ከተሞቿ ጉዞ ባሰብኩ ቁጥር ይህ ቃል ይመጣብኛል፤ ኬላ። ወደዚህ አገር ማን ይገባ እንደነበረ፣ ለምን እንደመጣ፣ ምን አይቶ እንደተመለሰ ለማወቅ በየዘመኑ መንገደኛውን ያስቆመው ማን እንደነበረ መጠየቅ ይበቃል።

በኬላው ዘመን መጓዝ ማለት መጠበቅ ነበር። ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1843 ኢናሪያ ደርሶ በንጉሡ በአባ ባጊቦ ግዛት ተቀመጠ። ከዚያ ወደ ከፋ የተሻገረው በራሱ ፈቃድ አይደለም፤ አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሙሽራ እንዲያመጡ ከላካቸው ሰዎች ጋር ተቀላቅሎ ነው። የከፋዋን ቦንጋን ለማየት ሠርገኛ መሆን ነበረበት። ከ35 ዓመት በኋላ የመጡት ሁለቱ ጣሊያኖች፣ አንቶኒዮ ቼኪና ጆቫኒ ኪያሪኒ፣ ያን ያህል አልቀናቸውም። ጌራ ላይ በንግሥቲቱ በገኔ ፋ እጅ ተይዘው ቀሩ። ኪያሪኒ እ.ኤ.አ. በ1879 እዚያው ሞተ። ቼኪ በጎጃሙ ገዥ በራስ አዳል አማላጅነት ተለቆ አገሩ ሲገባ የጉዞውን መጽሐፍ «ከዘይላ እስከ ከፋ ወሰን» ብሎ ሰየመው። በርዕሱ ላይ ወሰን የሚለው ቃል መቀመጡ ይገርመኛል፤ ሰውየው የደረሰው እስከ በሩ መሆኑን ነው የሚናገረው።

የጅማው በር ግን ከሁሉም ይልቅ ይከፈት ነበር፤ ምክንያቱም አገሪቱ የምትኖረው በሚገባውና በሚወጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1878 የነገሡት ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው፣ ጦርነት ሳያስገቡ፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ቆዩ። ጎረቤታቸው ከፋ በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተወርራ፣ የመጨረሻው ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾ ተይዘው፣ አገሩ ተራቆተ። ጅማ ውስጥ ግን በጅሬን ጉብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከሥሩ በሜዳው የሒርማታ ገበያ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ሒርማታ ላይ ቡናው፣ ማሩ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱ ይቆማል። ሰውም ይሸጥ ነበር፤ የዚያን ገበያ ጌጥ ብቻ አንስቶ ይህን መተው ሐሰት ነው። ከነጋዴው ኋላ ደግሞ ደረሳው ይመጣል። አባ ጅፋር ለዑለማ መጠለያ ሆነው ስለነበር ከወሎና ከሌላውም አገር ቁርአንና ፊቅህ ሊቀራ የሚሻ ወጣት ስንቁን አዝሎ ጊቤን ይሻገር ነበር። ማየት ብቻ ፈልጎ የሚመጣ አልነበረም። ግን ሁሉም ብዙ ያይ ነበር፤ ምክንያቱም በየበሩ ቀናት ይቀመጣል፣ በተቀመጠበት ይጋበዛል፣ የሰፈሩን ስምና የወንዙን ስም ያጠናል።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ሲገባ ጅማን የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና መቀመጫ አደረጋት። የዛሬዋ ከተማ እቅድ፣ የቆዩት ፎቆች፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና መንገድ በአብዛኛው የዚያ አጭር ጊዜ ሥራ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1938 የጣሊያን የቱሪዝም ማኅበር ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ግዛቱ ወፍራም የመንገደኛ መመሪያ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከተማ በከተማ፣ ኪሎ ሜትር በኪሎ ሜትር። ይህን አገር በመኪና እየተዘዋወሩ «እንዲጎበኙት» የተጻፈ የመጀመሪያ ትልቅ መጽሐፍ የወራሪ መጽሐፍ መሆኑ ያማል። ያየው መሬቱንና የሚያፈራውን ነበር። መንገዱም ብዙ ሳይቆይ ሌላ መንገደኛ አመጣ፤ የእንግሊዝ ጦር በአበልቲ በኩል ወንዙን ተሻግሮ ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ጅማ ገባ።

ከነጻነት በኋላ ያለው ዘመን ለጅማ ትልቁ ዕድልና ትልቁ መታለፍ አንድ ላይ የሆነበት ነው። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን ተቋቋመ፤ ከዓለም ባንክ በተገኘ ብድር የጣሊያን መንገዶች መጠገንና መሠራት ጀመሩ። የጅማ መንገድ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ቡናው። የውጭ ምንዛሪ የሚመጣው በዚያ አስፋልት ላይ ተጭኖ ነው። በ1945 ዓ.ም. የጅማ እርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከኦክላሆማ የመጡ መምህራን በጅማ ምድር ማስተማር ጀመሩ። በ1959 ዓ.ም. መልኮ ላይ የእርሻ ምርምር ጣቢያው ተመሠረተ። በ1963 ዓ.ም. የቡና ፍሬ በሽታ አገር ውስጥ ሲገባ የሚቋቋመውን ዝርያ ፍለጋ ተመራማሪዎች የከፋንና የኢሉባቦርን ጫካ በእግራቸው አሰሱ። እኔ እንደማስበው ከነጋዴው በኋላ ይህን አገር ጎንበስ ብሎ ያየው የመጀመሪያ መንገደኛ ያ የቡና ተመራማሪ ነው። ዛፍ በዛፍ ነው ያየው።

ጎብኚው ግን በሌላ በኩል ሄደ። በ1954 ዓ.ም. የቱሪስት ድርጅት በሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት ሲቋቋም «የ13 ወር ጸጋ» የሚለው መፈክር ተወለደ፤ እንግዳውም በአውሮፕላን አክሱም፣ ላሊበላ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር ይወሰድ ጀመር። ያ ምርጫ ስሕተት ነበር አልልም። የድንጋይ ቅርስ በፎቶግራፍ ይነሣል፣ በሰዓት ይጎበኛል፤ አውሮፕላኑም ከአንዱ ወደ አንዱ ያደርሳል። የጅማ ቅርስ ግን ከእንጨትና ከቅጠል ነው። ቤተ መንግሥቱ የእንጨት ነው፣ የዙፋኑ ምትክ በርጩማ ነው፣ ሐውልቱ ጫካ ነው። በአየር ላይ ሆኖ ማን ያየዋል? በዚህ ምክንያት የጅማ መንገድ ለአርባ ዓመት ያህል መውጫ ብቻ ሆኖ ቆየ። ቡናው ይወጣል፤ ጭነት መኪናው ባዶውን ወይም ጨው፣ ጨርቅና ቆርቆሮ ጭኖ ይመለሳል።

በደርግ ዘመን ኬላው ተመለሰ። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲያዘምት ከፋ ክፍለ ሀገር የደረሱ የከተማ ልጆች ቡናን በዛፉ ላይ ያዩት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ግን መንቀሳቀስ የይለፍ ወረቀት ጠየቀ። ቡና የመንግሥት ሆነ፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ገመድ ተዘረጋ፤ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሻንጣ እየወረደ፣ የእናቶች ዘንቢል እየተበረበረ ለዘመድ የተላከች ጥቂት ኪሎ ቡና ትወረስ ነበር። ከቡና አገር ቡና ይዞ መውጣት ወንጀል የሆነበት ዘመን። የዚያን ጊዜ መንገደኞች ስለ ጅማ ጉዞ ሲጠየቁ ስለ ጫካውም ስለ ጊቤም አያነሡም፤ መጀመሪያ የሚያነሡት ያን ፍተሻ ነው።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገመዱ ላላ። የመጣው ለውጥ በአንድ ጊዜ የመጣ አይደለም፤ ያመጣውም የቱሪዝም ቢሮ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የእርሻ ኮሌጁና የጤና ሳይንስ ተቋሙ ተዋሕደው ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ከትግራይ፣ ከሐረር፣ ከጎጃም፣ ከሲዳማ የመጣ ተማሪ በየዓመቱ ጊቤን ይሻገር ጀመር። የአባ ጅፋር ደረሳ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው። ተማሪው ቅዳሜ ጅሬን ይወጣል፣ ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ ለማየት ይሰለፋል፣ ሲመረቅ ወላጆቹ በአውቶቡስ ይመጣሉ፤ ሲመለሱም የጅማ በርጩማና ማር ይዘው ነው። በእኔ ግምት ከአገር ልጅ ጅማን በዓይኑ ያየው ብዙው በዚህ መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ግድብ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ከሰኮሩ እስከ አሰንዳቦ ባለው ምድር አዲስ ሐይቅ ተፈጠረ። እስከ ዛሬ ከአስፋልቱ ሆኖ በመስኮት ይታያል፤ ይታለፋል።

ከሁሉም በላይ ልቆይበት የምፈልገው በዚሁ ዘመን የመጣውን ሌላ መንገደኛ ነው፤ ቡና ቀማሹን። «ጅማ» የሚለው ስም በዓለም የቡና ገበያ ክብር አልነበረውም። «ጅማ 5» ማለት ያልታጠበ፣ የተቀላቀለ፣ በብዛት የሚሸጥ ርካሽ ቡና ማለት ነበር። ከአጋሮ፣ ከጌራ፣ ከሊሙ ኮሳ የሚመጣው ጀንፈል ሁሉ በአንድ ጆንያ ይገባል፤ የማን ማሳ እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ በጎማና በጌራ ገበሬዎች ማኅበር እየመሠረቱ እሸት ማጠቢያ መትከል ጀመሩ። ከነዚህ አንዱ አጋሮ አካባቢ ያለው የዱሮሚና ማኅበር ነው። በተመሠረተ ሁለት ዓመት ውስጥ፣ በ2004 ዓ.ም.፣ ዓለም አቀፍ ቀማሾች ከአፍሪካ ቡናዎች ሁሉ አንደኛ አደረጉት። ስሙ በአፋን ኦሮሞ መበልጸግ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከሲያትል፣ ከኦስሎ፣ ከቶኪዮ የተነሣ ገዥ ጅማ አውሮፕላን ጣቢያ ወርዶ በጭቃ መንገድ እስከ ጎማ ወረዳ ቀበሌዎች ድረስ ይገባል። ገበሬው ቤት ይቀመጣል፤ ቡና ሦስት ጊዜ ይጠጣል። በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በእጁ ያገላብጣል። የከፍታውን ልክ፣ የዝርያውን ስም፣ የጥላውን ዛፍ ዓይነት ይጠይቃል። ይህ ሰው ጎብኚ ተብሎ አይመዘገብም። እንደ ዳባዲ ግን ተቀምጦ የሚያይ እርሱ ነው፤ የሚያስቆመው ኬላ ሳይኖር ራሱ ይቆማል።

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ ከፋንና ያዩን የባዮስፌር ጥብቅ ክልሎች ብሎ መዘገባቸው፤ ከፋ ከ760 ሺህ ሄክታር በላይ፣ ያዩ 167 ሺህ ያህል። ከሁለት ዓመት በኋላ ሸካ ተከተለ። የዱር ቡና በጥላ ሥር ራሱን የሚዘራባቸው እነዚህ ጫካዎች ከጅማ በሁለት አቅጣጫ ይደረሳሉ፤ በሸቤ፣ በበለጠ ጫካና በጎጀብ አድርጎ ወደ ቦንጋ፤ በአጋሮና በበደሌ አድርጎ ወደ ያዩና መቱ።

በዚሁ ጊዜ ግን አንድ ሙግት ከረረ፤ ቡና የተገኘው የት ነው? አጋሮ አካባቢ ጮጬ አለች፤ ቦንጋ አካባቢ ማንኪራ አለች። ሁለቱም የፍየል እረኛውን ታሪክ ይናገራሉ፤ ሁለቱም እንግዳ ይጋብዛሉ፤ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቦንጋ ላይ ተሠራ። ሙግቱ ጥንታዊ ይመስላል እንጂ አይደለም። በንጉሡም በደርግም ዘመን ከፋ የሚባለው ግዛት ዋና ከተማው ጅማ ነበረች። «ቡና ከፋ ውስጥ ተገኘ» ያለ ሰው ሁለቱንም ያለ ነው። አከላለሉ ሲለወጥ አጋሮ ኦሮሚያ ውስጥ ቀረች፣ ቦንጋ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ ክልል ሄደች፤ የቡናውም መገኛ አንዱን እንዲመርጥ ተገደደ። ዛፉ ይህን አያውቅም። የዱር ቡና ከጎጀብ ወዲህም ወዲያም በአንድ ጫካ ውስጥ ይበቅላል። በ2008 ዓ.ም. አገሪቱ «ምድረ ቀደምት» የሚለውን መለያ ስትይዝ ሁለቱን ስፍራዎች በአንድ የጉዞ መስመር ማገናኘት ይቻል ነበር። አሁንም ይቻላል። አጋሮንና ቦንጋን የሚለያቸው የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ከዚህ ሙግት ይልቅ የወረዳ መኪናዎች እንግዳ ይዘው ከጮጬ ማንኪራ ቢመላለሱ ለሁለቱም ይጠቅማል።

ያለፉት ዓመታት የሎጅ ዓመታት ናቸው። ከጅማ መንገድ ፈቀቅ ብላ ያለችው ወንጪ በ2014 ዓ.ም. ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላ ተመረጠች፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ከፍ ያለ ሥራ ተሠራባት። በዚሁ ፕሮጀክት የኮይሻ ክፍል ሥር ደግሞ ዳውሮ ውስጥ ከጊቤ 3 ሐይቅ አጠገብ የተሠራው ሎጅ ሀላላ ኬላ ተባለ። ሀላላ የዳውሮ ንጉሥ ነው፤ ኬላው በስሙ የሚጠራው ረጅም የድንጋይ ካብ ነው። እንግዳ እንዳይገባ የተካበው ኬላ እንግዳ መጥሪያ ስም ሆነ። ከጅማ በጪዳ በኩል ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ዝሆኖች የሚውሉበትን የጨበራ ጩርጩራ ፓርክ ያዋስናል። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እድሳት አግኝቷል፤ ጅማም የአዌቱን ወንዝ ዳር ጨምሮ መልኳ ተለውጧል።

ግን በዚሁ ዘመን ሌላ ዓይነት ኬላም መጥቷል። በምዕራብ ኦሮሚያ በነበረውና ባለው ግጭት ምክንያት ሰው ከመነሣቱ በፊት ሾፌሮችን ይጠይቃል፤ መንገዱ ዛሬ ሰላም ነው? መልሱ አንዳንድ ጊዜ ቆዩ ነው። ሎጁ ምንም ያህል ቢያምር ይህን ጥያቄ አይመልሰውም። አንዳንዱ በአውሮፕላን ይሄዳል፤ በአውሮፕላን የሄደ ደግሞ ወልቂጤንም ጊቤንም ሰኮሩንም ሰርቦንም አያይም። በመንገድ ላይ ያለች ሻይ ቤት፣ በርጩማ ጠራቢ፣ ማር ሻጭ ከዚያ እንግዳ አንድ ብር አያገኙም።

ሰላም ባለበት ቀን እንኳ የጎደለው ማረፊያ ነው። ኮሎምቢያን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የዓለም የቡና ስምምነት ሲፈርስ ዋጋ ወደቀ፤ የኪንዲዮ ገበሬዎች የእርሻ ቤቶቻቸውን ለእንግዳ ማደሪያ ከፈቱ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 የቡና ምድራቸው በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። መንግሥት ትልቅ ሆቴል ስለሠራ አይደለም የተሳካላቸው፤ ገበሬው አንድ ክፍል፣ አንድ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ አንድ ቁርስ ስላዘጋጀ ነው። በእኛም ጌዴኦ በ2016 ዓ.ም. ተመዝግቧል፤ የእንሰትና የቡና ምድር በዓለም ዓይን ፊት ዋጋ እንዳለው ታይቷል። ጎማ ውስጥ ግን ዓለም የሚያውቀውን ቡና የሚያመርት ማኅበር አጠገብ እንግዳ የሚያድርበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ቀማሹ ማታ ጅማ ተመልሶ ያድራል። ያን የሌሊት ገንዘብ የሚያገኘው ገበሬው አይደለም።

ለመሄድ የሚያስብ ሰው ኅዳርን ይምረጥ። ረቡዕ ማለዳ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ማታ ጅማ ይግባ፤ ሐሙስ የጅማ ገበያ ቀን ነው፣ እንደ ጥንቱ። ከሰዓት በኋላ ጅሬን ላይ ወጥቶ ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ከተማዋን ቁልቁል ይያት። ዓርብ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ አጋሮ ይሂድ፣ ጮጬ ይግባ፣ ማታ ወደ አንድ ማጠቢያ ይድረስ። በኅዳር ቀይ እሸት ከየማሳው የሚደርሰው ሲመሽ ነው። በጀርባም በአህያም በሞተርም ይመጣል፤ ሚዛኑ ፊት ሰልፍ አለ፤ የመፈልፈያው ሞተር እኩለ ሌሊት ድረስ አይዘጋም። የሚያልፈው ውሃ ሽታ እንደ ማር ነው፣ ትንሽ ኮምጠጥ ያለ። ቅዳሜ በሸቤ አድርጎ በበለጠ ጫካ ውስጥ እያለፈ ወደ ጎጀብ ይውረድ። ወንዙ ጋ ሲደርስ መኪናውን ከዳር ያቁምና ይውረድ። እዚህ ነበር የጅማ አገር የሚያልቀው፤ ማዶው ከፋ ነው፤ ከዚህ ወዲያ ሳይፈቀድለት የሚሻገር አልነበረም። ድልድዩ ላይ ቆሞ፣ ወደ ጅማም ወደ ቦንጋም እያየ፣ ከሁለቱም ወገን የሚመጣውን የቡና መኪና ያሳልፍ።